ጭድ ሻጭ ደረሰኝ የለውም

ግልጽ ደብዳቤ

በከተማችን የወተት ላም አርቢዎችን የመኖ ድጎማ ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የዘገየብንንና የተሰረዘብንን የመኖ ድጎማ ክፍያ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

የከበረ ሰላምታችንን እናስቀድማለን። በአዘዞ፣ በማራኪ፣ በአራዳና በሳሙና በር አካባቢ ከአንድ እስከ አራት ላም የምናረባ 38 ቤተሰቦች ነን። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን እናልባለን፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ በየደንበኛው ቤት ወተቱን ያደርሳሉ።

ያስጻፈን ባለፈው ሐምሌ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ማስረጃ አላሟሉም የተባሉ አርቢዎች የ2017 በጀት ዓመት ክፍያ ተሰርዟል፣ ያልተከፈለውም ገንዘብ ተመላሽ ሆኗል ይላል። ከ38ታችን ክፍያ ያገኘነው 6 ነን። 32ታችን ስማችንን በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት አገኘነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትን። የመጀመሪያውን መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ ተቀበለን። ሁለተኛውን ግን «ያው የበፊቱ ነው» ብሎ መለሰልን። ሦስተኛውን በአደባባይ ያደረግነው ለዚህ ነው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዲረዳው አሠራሩን በአጭሩ እንናገር። የተመዘገበ አርቢ የሦስት ወር መኖ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። የግዥ ደረሰኙን፣ የቀበሌ ደብዳቤውንና ለወተት መሰብሰቢያው ያስረከበበትን ካርድ አያይዞ ያስገባል። መሥሪያ ቤቱ አጣርቶ የወጪውን ግማሽ በባንክ ይመልስለታል። ስብሰባ ላይ ሲነገረን ያጨበጨብን እኛው ነን። መንግሥት በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋትን ሲያስጀምር ወተቱም እንቁላሉም ማሩም ከየጓሮው ይምጣ ተብሎ ነበርና፣ ጓሮ ያለን ሰዎች ጥሪው ለእኛ ነው ብለን ነበር።

ከደረሰኙ እንጀምር። ከ32ቱ የ21ዳችን ክፍያ የወደቀው በእርሱ ነው።

ላሞቻችን ምን እንደሚበሉ እንንገርዎ። ዋናው ድርቆሽና ጭድ ነው። ድርቆሹ ከወገራ፣ ጭዱ ከደምቢያና ከማክሰኝት በኩል፣ አንዳንዱ በአይሱዙ፣ አንዳንዱ በአህያ ይመጣል። ሻጩ ጭዱን አራግፎ፣ በዋጋ ተከራክሮ፣ ብሩን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ቀዬው የሚመለስ ገበሬ ነው። አንዷ አባላችን ደረሰኝ ስትጠይቀው ደንግጦ «ምን አጠፋሁ?» አላት። እውነቱን ነው። ገበሬ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በአህያው ላይ ጭኖ እንዲዞር ያዘዘው የለም።

ፉርሽካውስ? የዱቄት ፋብሪካ ለእንደኛ ዓይነቱ ሁለት ኩንታል አይሸጥም። ለጅምላ ነጋዴ ይሸጣል፣ ጅምላ ነጋዴው ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለእኛ። ደረሰኙ እኛ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የኑግ ፋጉሎ የምንገዛው ከትንንሽ ዘይት መጭመቂያዎች ነው፤ የሚሰጡን ወረቀት ቢኖር በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ነው፣ እርሱንም አልተቀበላችሁንም። አተላ ደግሞ አለ። ጎንደር ጠላ ጠማቂ አላነሰባትም፤ የአንዲት አባላችን ላም የቀለቧ ግማሽ ከጎረቤት ጠላ ቤት የሚወጣ አተላ ነው። ጠላ ጠማቂዋ የአተላ ደረሰኝ የቆረጠች ዕለት እኛም ልናይ እንሄዳለን።

ይህን መቀለጃ አድርገን ያነሣነው አይደለም። ደረሰኝ የግድ ሲሆን ደረሰኝ ራሱ ሸቀጥ ይሆናል። ባለፈው ጥር አንድ ሰው በየሰፈራችን እየዞረ፣ በምንፈልገው የብር መጠን ልክ የመኖ ደረሰኝ ሊያመጣልን፣ ለእርሱ ከመቶ አሥር ሊታሰብለት ጠየቀን። ክፍያ ካገኙት መካከል በዚህ መንገድ ያለፈ አለ ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ስለዚህ አንልም። አንዲት አባላችን ግን ማታ ወደ እኔ፣ ወደ ቡድኑ ጸሐፊ ቤት መጥታ «ልግዛ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አትግዢ አልኳት። አልገዛችም። ክፍያዋ ተሰረዘ። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ብሏል፤ አልፈርድባትም። ለሦስት ወር በእርግጥ የገዛችውን መኖ፣ ላሟ በእርግጥ የበላችውን መኖ፣ እናንተ አልገዛሽም አላችኋት፤ እኔ ደግሞ ገዝተሽ አታስመስዪ አልኳት።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ግብር ከፋይ ድርጅቶች ደረሰኝ ከሌለው ገበሬ ሲገዙ በግዥ ቫውቸር የሻጩን ስም፣ የዕቃውን ዓይነትና መጠን መዝግበው ያስፈርማሉ። ለሆቴሉ ሽንኩርት የሠራ ነገር ለላም ጭድ የማይሠራበትን ምክንያት የነገረን የለም። በመስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ «መመሪያው ደረሰኝ ነው የሚለው» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። እርሷም የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። መመሪያውን አሳዩን ብንልም አላየነውም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የክፍያው ጊዜ ነው። ይህን ጠለቅ ብለን እንናገረዋለን፣ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤታችሁ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሦስት ወር መዘግየትን እንደ ሦስት ወር መዘግየት ብቻ ነው የሚያዩት። ደመወዝ ሦስት ወር ቢዘገይ ሰው ተበድሮ ይከርማል፣ ሲመጣም ይከፍላል። ላም እንዲህ አይደለችም።

ድቅል ላም ከወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የወተቷ ጫፍ ላይ ትደርሳለች። የዚያን ጊዜ የበላችው የዓመቱን ወተት ይወስነዋል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያስተማሩን ስሌት ለሁለት ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ያህል ፉርሽካና ፋጉሎ ነው፤ ድርቆሹ ከዚያ ውጭ ነው። በነዚያ ሳምንታት ቀለቧ ከተጓደለ ላሟ ከገዛ ሥጋዋ እየቀነሰች ታልባለች፤ ጎኗ ይቆጠራል። ወተቱ አንዴ ከወረደ በኋላ ፋጉሎ በሸክም ብታቀርቡላት በዚያው ወሊድ ወደ ነበረበት አይመለስም። ከሥጋዋ የከሳች ላም ቶሎ ኮርማ አትፈልግም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ጥጃም ይዘገያል። በጥር ያልደረሰ ብር በሰኔ ሲደርስ፣ ብሩ ያው ብር ነው፤ ሊመግባት የታሰበው ወተት ግን የለም።

በ2017 የዓመቱ አራት ክፍያ ባንድ ላይ የተለቀቀው በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

የአንዲት አባላችንን ነገር እናንሣ። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት። ያለቻት አንዲት ድቅል ላም በኅዳር መጀመሪያ ወለደች። ይህች ሴት ከእኛ ሁሉ ጠንቃቃ ናት፤ ደረሰኝ እንደሚጠየቅ ሰምታ ከሕጋዊ መኖ ቤት በዱቤ ገዛች፣ ደረሰኟንም በላስቲክ ጠቅልላ አስቀመጠች። በጥር ማስረጃዋን ሁሉ አሟልታ አስገባች። «በሁለት ሳምንት» ተባለች። በየካቲት ሄደች፤ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። በመጋቢት ሄደች፤ ፋይሉ ፋይናንስ ዘንድ ነው። ፋይናንስ ሄደች፤ አልደረሰንም። መኖ ቤቱ የዱቤውን ገንዘብ ጠየቃት። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ሚያዝያ 8 ላሟን ለልኳንዳ ነጋዴ ሸጠች፤ ገና በቀን ሰባት ሊትር የምትታለብ ላም። ጥጃዋ ለሁለት ቀን ስትጮኽ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

በግንቦት የማጣሪያ ቡድን ላሟን ሊያይ መጣ። ላም የለም። በቅጹ ላይ «ላሟ በአካል አልተገኘችም» ተብሎ ተጻፈ፤ ክፍያዋም ተሰረዘ። የተጻፈው ውሸት አይደለም። ላሟ ያልተገኘችው ግን ክፍያው ስላልተገኘ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ክፍት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ሦስተኛው የጾም ነገር ነው። ይህንን መጻፍ ያሳፍረናል፤ ጎንደር ላይ ተቀምጦ ስለ ጾም የሚያስረዳ ሰው መሆን ግር ይላል።

ድጎማው እንዲከፈል የማስረከቢያ ካርዱ በየወሩ ቢያንስ 20 ቀን ወተት መግባቱን ማሳየት አለበት ትላላችሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በ2017 የካቲት 17 ገብቶ ፋሲካ እስኪደርስ መጋቢትን ሙሉውን ዋጠው። በጾም ደንበኛ ይጠፋል። መሰብሰቢያው ራሱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚቀበለን፤ ረቡዕና ዓርብማ በሌላውም ጊዜ አይከፍትም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚከፈት በር በወር 20 ቀን እንዴት ይገባል? ሒሳቡን ለሚያውቅ እንተወዋለን። በመጋቢት ካርዳቸው ስምንትና ዘጠኝ ቀን ብቻ ያሳየ 7 አባሎቻችን ምርት አቋርጠዋል ተብለው ተሰረዙ።

ላም ጾም አታውቅም፤ በየቀኑ ትታለባለች። ካልታለበች ጡቷ ይታመማል። ታዲያ ወተቱ የት ሄደ? አረጋነው፣ ናጥነው። ከ20 ሊትር ያላነሰ ወተት ተንጦ አንድ ኪሎ ቅቤ ቢወጣ ነው። አሬራውን ለጥጆች አጠጣን፤ ቅቤውን አንጥረን ለፋሲካ አቆየን። ይህ ምርት ማቋረጥ ከሆነ እናቶቻችንም ዕድሜያቸውን ሁሉ ምርት ሲያቋርጡ ኖረዋል። በዚያ ዓመት ረመዳን ከጾሙ ጋር በቀናት ልዩነት መግባቱ በጀን፤ ለኢፍጣር ወተትና እርጎ የሚወስዱ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ባይኖሩ ገና ብዙ ላም ለልኳንዳ በወጣ ነበር። እነርሱ በጀሪካን የወሰዱት ወተት ግን ካርድ ላይ አይጻፍም።

አራተኛ፣ ክፍያውን ካገኙት 6 መካከልም ቅሬታ አለ። መዝገባችሁ «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚል ክፍት ቦታ አለው። እዚያ ላይ ባል ይጻፋል፣ የባንክ ሒሳቡም በባል ስም ይሆናል። የአንዲት አባላችን ባል ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ፣ ከዚያም ሌላ ሥራ አግኝቶ ቀርቷል። ላሟን የምታልበው፣ መኖውን የምትሸከመው፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሌሊት ተነሥታ በርሜል የምትሞላው እርሷ ናት። ብሩ የገባው ከእርሱ ሒሳብ ነው። ስልክ ደወለችለት፤ ግማሹን ላከላት። ግማሹን ስለመላኩም አመስግኚ ተባለች። ስሙን በስሜ ቀይሩልኝ ብላ ስትመጣ የጋብቻ ማስረጃና የባሏን ፈቃድ ጠየቃችኋት። ላሟ በማን እጅ እንደምትታለብ ለማወቅ እኮ የጋብቻ ወረቀት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ማለዳ መምጣት ይበቃል።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። ሁለት አባሎቻችን በቀበሌ ቤት ስለሚኖሩ ካርታ የላቸውም፤ ካርታ የሌለው በረት አይታወቅም ተብለው ቀርተዋል። የዚያው ከተማ ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ እበቱ ሸተተ እያለ ከብቱን ከመኖሪያ ሰፈር አውጡ ይለናል። አንዱ በረቱ የለም ይላል፣ ሌላው በረቱ ይሸታል ይላል። ተነጋገሩ።

አንድ ትልቅ ሰው አሉን፤ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። አራት የፎገራ ላሞች አሏቸው። የሀገር ላም በድጎማው አይካተትም ተብለው ተመለሱ። የሀገር ላም በአማካይ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እንደማትበልጥ እናውቃለን፤ ፎገራ ግን ከዚያ የምትሻል፣ የጣና ዳር ረግረግና ዝንብ የለመደች፣ በወተቷ ስሟ የወጣ ዝርያ ናት። የምርምር ማዕከሉ በአንዳሳ እርሷን ለማቆየትና ለማሻሻል ሲደክም፣ እኛ ዘንድ ላም ሆና መቆጠር አቃታት። ለመሆኑ አያ ማዳቀል አልፈልግም አላሉም። ሁለት ጊዜ አዳቃይ ባለሙያ ጠርተዋል። አንዴ የኮርማው ዘር የሚቆይበት ፈሳሽ ናይትሮጂን አልቋል ተባሉ። ሌላ ጊዜ ላሟ ኮርማ የፈለገችው ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ባለሙያው ሰኞ ጠዋት መጣ። ከአንድ ቀን ያነሰ ዕድሜ ያለውን ነገር ሰኞ ላይ ማግኘት አይቻልም። ሌላ 21 ቀን ጠብቁ አላቸው። አያ ሲቆጡ አይታወቁም፤ «ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ እንኳ ላሙ በየት እንዳለች ያውቅ ነበር» ብለው ወጡ።

እኛም ንጹሓን ነን አንልም። በቆጠራው ቀን የእኅቷን ላም ከአዘዞ አስመጥታ በበረቷ ያሰረች አባል ነበረችን፤ ስናውቅ ከቡድኑ አስወጣናት፤ ከ38ቱ ውስጥ የለችበትም። ወተት በውኃ ያቀጠነም ነበር፤ መሰብሰቢያው በመለኪያው ያዘው፣ ጥሩ አደረገ። መሥሪያ ቤቱ ማጣራት የለበትም የሚል ሰው በመካከላችን የለም። የበጀት እጥረት እንዳለ፣ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ እናንተም እንደምትቸገሩ እናያለን። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የፋጉሎ ዋጋ የሚጨምረው በእኛም ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ ወዲህ የከብት መድኃኒቱም ከእጃችን ርቋል። ነገር ግን ገንዘቡ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍን። ገንዘቡ ነበር። ተመላሽ የሆነው ስለነበረ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የተሰረዙት 32 ማመልከቻዎች ሁለት የእኛ ተወካዮች ባሉበት እንደገና ይታዩ። ላሟን ለሸጠችው እናት በጥር ያስገባችው ደረሰኝ በጥር እንደነበረ ተቆጥሮ ይከፈላት፤ ላሟን መመለስ ባይቻል የመኖ ቤቱን ዕዳ ትዝጋበት።

ከእንግዲህ ከገበሬ ለተገዛ ድርቆሽ፣ ጭድና አተላ በሁለት ጎረቤት ምስክርነት የተፈረመ የግዥ ቫውቸር ይበቃ። ይህ ካልተቻለ ደግሞ ብሩን ተዉትና መኖውን በዓይነት ስጡን። በቡድን ተደራጅተን ፉርሽካውን ከፋብሪካ በጅምላ እንድንገዛ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍልን፤ ደረሰኙም አንድ ሆኖ በቀጥታ ከፋብሪካ ወደ እናንተ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ የምንመርጠው ይህንን ነው።

ክፍያው ቢያንስ በግማሹ በጥቅምት መጨረሻ ይልቀቅ። ድርቆሽ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ርካሽ የሚሆነውም ያኔ ነው። በሰኔ የሚመጣ ድጎማ በሰኔ ዋጋ የሚገዛው ድርቆሽ በጥቅምት ከሚገዛው ግማሽ ያህሉን ነው። በሌላ አነጋገር የዘገያችሁት በእኛ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሳችሁም በጀት ላይ ነው።

የማስረከቢያ ካርዱ በዐቢይ ጾምና በሌሎቹ ረጃጅም አጽዋማት ከጾሙ በፊት ባለው ወር አማካይ ይታሰብ።

ሒሳቡ ላሟን በምታልበው ሰው ስም ይከፈት። በህንድ የካርናታካ ግዛት መንግሥት ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ለሚገባ ወተት በሊትር 5 ሩፒ ማበረታቻ በቀጥታ ወደ አርቢው የባንክ ሒሳብ ሲያስገባ ኖሯል። ሕንዶች ከእኛ በብዙ ይለያሉ፤ የባንክ ሒሳብ ግን እኛም ጋ አለ።

በመጨረሻም፣ በ2017 ለድጎማው የተመደበው ገንዘብ ስንት እንደነበር፣ ለነማን ስንት እንደተከፈለ፣ ስንት ተመላሽ እንደሆነ በዚያው ሰሌዳ ይለጠፍ። መመሪያውም አብሮ ይለጠፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። የጠየቅነው በዚሁ መብት ነው።

መልሳችሁን እስከ ጥቅምት 15 እንጠብቃለን። ቀኑን ያልነው እንዲያው አይደለም። የወገራው ድርቆሽ ሻጭ ለዘንድሮው ቀብድ እንድናስይዝ እስከዚያው ቀን ነው የሰጠን።

ከሰላምታ ጋር

የጎንደር ከተማ 38 አነስተኛ የወተት ላም አርቢዎች ቡድን ጸሐፊ፣
የሁለት ላሞችና የአንዲት ጊደር ባለቤት

መስከረም 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለቡድኑ አባላት በሙሉ